ከመደርደሪያው የጠፋው ጠርሙስ

«ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» ሲባል፣ መጠጥም ሆነ ንግግር ለክብሩ የሚመጥን ማቅረቢያ አለው ማለት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ግን ይህ ክብር የተነፈገው አንድ መጠጥ አለ። ወደ መጠጥ መደብር የገባ ሰው የስኮትላንዱን ውስኪ፣ የፈረንሳዩን ኮኛክ፣ የደቡብ አፍሪካውን ወይን በየረድፉ ተደርድሮ ያገኛል። የአገሬው ሰው ከበቆሎና ከማሽላ እያወጣ ለትውልዶች የጠጣውን ቻንጋ ግን በስሙ ተለጥፎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ጠጪ አጥቶ አይደለም። ታዲያ ለምን?

ነገሩ የቆየ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ነጩ ሰፋሪ በክለቡ ውስኪውን ሲጎነጭ፣ አፍሪካዊው ግን አረቄ እንዳይጠጣም እንዳያወጣም በሕግ ተከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በሳን ዠርሜን የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ርካሽ የንግድ አረቄ ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ ከልክሏል። የተሰጠው ምክንያት ጥበቃ ነበር። ሰፋሪው ሲሄድ ጥርጣሬው አብሮት አልሄደም፤ ነፃይቱ ኬንያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1980 ቻንጋን በሕግ አገደች።

የከልካዮቹ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በናይሮቢ የሙኩሩ ድሆች ሰፈር ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ የጠጡ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ሌሎችም የዓይናቸውን ብርሃን አጥተዋል። ዜጎቹ በመርዝ ሲያልቁ እጁን አጣጥፎ የሚመለከት መንግሥት መንግሥት አይባልም። ለጥቂት ሽልንግ ትርፍ ሲል የፋብሪካ ኬሚካል ቀላቅሎ የሸጠ ሰውም «ድህነት ነው ያስገደደኝ» ብሎ ከኅሊና ፍርድ አያመልጥም።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጨርሰው መርዝ አብዛኛውን ጊዜ ከእህሉ ወይም ከማሰሮው የሚመነጭ ሳይሆን በኋላ የሚጨመር ነው። ታዲያ ቀላቃዩ ተገን ያገኘው ከየት ነው? ከጨለማው ነው። ሕግ መቆጣጠር የሚችለው የሚያየውን ብቻ ነው። በወንዝ ዳር፣ በሌሊት፣ ፖሊስ እየፈራች አረቄ የምታወጣ ሴት ጥራቷን የሚመሰክርላት ማኅተም የላትም። ታማኟም አጭበርባሪውም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ጠጪውም ሁለቱን የሚለይበት ምልክት የለውም። እንግዲህ ጨለማውን የፈጠረ ሕግ፣ በጨለማው ውስጥ ለሚሠራው ጥፋት ድርሻ የለውም ማለት ይቻላልን?

ኬንያ ይህን የተረዳች መስላ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ እገዳውን አነሣች። ቻንጋ ፈቃድ ባለው አምራች እጅ ተመርቶ፣ ጥራቱ ተመርምሮ፣ በጠርሙስ ታሽጎ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ነገር ግን ፈቃዱ፣ ምርመራው፣ ጠርሙሱ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። አንድ በርሜልና አንድ ቱቦ ብቻ ላላት ሴት በሩ ተከፈተ እንጂ መሰላሉ አልቀረበላትም። ድሃ ሊፈጽመው በማይችለው ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ፈቃድ፣ በትሕትና የተነገረ ክልከላ ነው።

ኡጋንዳ ሌላ መንገድ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የእንጉሊ ሕግ የመንደር አረቄ አውጪዎች ፈቃድ እንዲይዙና ምርታቸውን ለማጣሪያ ፋብሪካ እንዲሸጡ አዘዘ፤ ኡጋንዳ ዋራጊ የተባለው የታሸገ መጠጥም ከዚህ ተወለደ። መጠጡ መደርደሪያ ላይ ወጣ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን የፋብሪካው እንጂ የመንደሯ ሴት ስም አይደለም። በየመንደሩ የሚወጣው አረቄ ዛሬም ከሱቁ ውጭ ነው።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የአርሲ ነገሌ አረቄ በጀሪካን ተጭኖ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ስንት እናት ድፍድፉን ደፍድፋ፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠለው ልጆቿን አስተምራበታለች። የልጆቹን ዲፕሎማ በግድግዳ ላይ በኩራት የሚሰቅል ቤተ ዘመድ ግን የእናትየውን ሙያ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከመደርደሪያው ላይ የጠፋው አረቄው ብቻ አይደለም፤ ያወጣችውም ሴት ናት።

ስካር ቤት እንዳፈረሰ ማንም ያውቃል፤ የሚያፈርሰው ግን የውስኪም የአረቄም ስካር ነው። አንዱን በመብራት አስጊጦ ሌላውን ወደ ጓሮ የሚያባርር ማኅበረሰብ፣ የሚመዝነው የመጠጡን ጉዳት ነው ወይስ የጠማቂውን ማንነት? ጤናን መጠበቅ ግዴታ ነው። ጥበቃው እውነተኛ የሚሆነው ግን ጠጪውን ከመርዝ ሲያድን አውጪዋንም ከጨለማ ሲያወጣት ነው።