እኛ የማንፈራውን ስለሚፈራ ሕፃን

ፍርሃት ከሰው ባሕርይ ጋራ አብሮ የሚኖር ነው፤ ሕፃን ከእሳት፣ መንገደኛ ከአውሬ፣ ኃጥእ ከፍርድ ቢሸሽ ማንም አይደነቅም። ነገር ግን አንድ ሕፃን ለማንም ጉዳት የማያመጣውን ነገር፣ ማለት የቡና ሙቀጫን ድምፅ ወይም የዘመድን ሰላምታ፣ እንደ ሞት ፈርቶ ሲጮኽ ባየን ጊዜ ፍርዳችን ወዲያው ይለወጣል። ቅብጠት ነው፣ ስድነት ነው እንላለን፤ ከዚህም አልፈን ርኩስ መንፈስ አድሮበታል እስከ ማለት እንደርሳለን። እንግዲህ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ እኛ የማንፈራውን የሚፈራ ልጅ በቤታችን ሲኖር፣ ፍርሃቱን እንደ ጥፋት ቈጥረን ልንቀጣው ይገባናልን? ወይስ እንደ ሸክም ቈጥረን አብረነው ልንሸከመው?

ይህን የምናነሣው በተለይ ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች ነው። ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 ዓ/ም በአሜሪካ አገር 11 ልጆችን መርምሮ በጻፈው ጽሑፍ፣ እነዚህ ልጆች ከሰው ጋራ መግባባት የሚቸግራቸው መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ኃይለኛ ድምፅ እጅግ እንደሚያስደነግጣቸው፣ የለመዱትም ሥርዓት ሲለወጥባቸው ክፉኛ እንደሚጨነቁ ገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ ይህን አጽንቶታል። በ2011 (አሁንም በፈረንጆች አቆጣጠር) ቀደም ብለው የወጡ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች ከመቶ 40 ያህሉ በሐኪም ሚዛን ሕመም የሚባል ጭንቀት እንዳለባቸው ታይቷል።

ነገሩን ከቤታችን ኑሮ ጋራ ብናስተያየው ይበልጥ ይገባናል። በክረምት በቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ ሲወርድ እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ጨዋታችንን እንቀጥላለን። የዚህ ልጅ ጆሮ ግን የሚፈለገውን ድምፅ ከማይፈለገው የሚለይበት ወንፊት የሌለው ያህል ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ ይገባበታል። የቡሄ ጅራፍ በመንደሩ ሲጮኽ፣ በበዓል ዋዜማ ዕቃው ከቦታው ሲነሣ፣ በጉ በደጅ ታስሮ ሲያለቅስ፣ የማያውቃቸው አክስቶች መጥተው ጉንጩን ደጋግመው ሲስሙት፣ ለእኛ የደስታ ምልክት የሆነው ነገር ለእርሱ የሚይዘው የሚጨብጠው የሌለው ዓለም ይሆንበታል። ራስ መላጨትና ጥፍር መቍረጥ እንኳ ለአንዳንዶቹ እንደ ቍስል ነው። ልጁም ብዙ ጊዜ ቃል ስለማይታዘዝለት የፈራውን ሊነግረን አይችልም፤ ጆሮውን ይይዛል፣ ከአልጋ ሥር ይገባል፣ እጁን ያርገበግባል፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። መወዛወዙ ሰው ቢያሳፍርም ራሱን የሚያረጋጋበት መንገድ ነውና፣ ያንን መከልከል ከአንካሳ እጅ ምርኩዝ እንደ መንጠቅ ነው። ደግሞም ጭንቀቱ ድንገት የበረታ እንደ ሆነ ጥርሱን ወይም ጆሮውን አሞት እንዳይሆን አስቀድሞ ማስመርመር ይገባል፤ ይህን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው።

ፍርሃት በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን የሚያስረዳን የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሕማም ነው። በጌቴሴማኒ መፍራቱንና ማዘኑን ወንጌላውያን ጽፈዋል፤ ይህንም ከኃጢአት በቀር የሥጋን ነገር ሁሉ ገንዘቡ አድርጎ በፈቃዱ የተቀበለው ነው እንላለን። ነቢዩ ኤልያስም ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ የመጣለት መልአክ ተግሣጽን አላመጣለትም፤ እንጎቻና ውኃ አመጣለት። በልቶ እንደ ገና ሲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ መገበው፤ ለ40 ቀን ጕዞ የበቃው ከዚህ በኋላ ነው። በኮሬብም የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ የመጣው በብርቱው ነፋስ፣ በምድር መናወጥና በእሳት ሳይሆን በለሆሳስ ነበር። እንግዲህ የፈራን ሕፃን በጩኸትና በአርጩሜ እናደፋፍረዋለን የምንል ሰዎች ምን እንመልሳለን?

ይሁን እንጂ የሚቃወመን ሰው እንዳለ እናውቃለን። ፍርሃቱን ካከበራችሁለት የፍርሃቱ ባሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ወደደም ጠላም መግፋት ነው ይለናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ልጁ የፈራውን ሁሉ ከፊቱ ሲያርቅ የኖረ ቤት ውሎ አድሮ ቡና የማይወቀጥበት፣ እንግዳ የማይገባበት ቤት ይሆናል፤ ለልጁም ዓለሙ ከቀን ወደ ቀን ይጠብበታል። ነገር ግን ተቃዋሚያችን መምራትንና መጎተትን አንድ አድርጓል። የሚመራ ሰው እርምጃውን በሚመራው ሰው እግር ይለካል። ሙቀጫውን የሚፈራ ልጅ ቢኖር፣ በመጀመሪያ ቡናው በጓሮ ራቅ ብሎ ይወቀጥ፤ ልጁም በእናቱ እቅፍ በቤት ውስጥ ሆኖ ይስማ። ይህን ሲለምድ በሩ ይከፈት፤ ከብዙ ቀን በኋላ ደግሞ ወደ ደጃፉ ይቅረብ። በመጨረሻ ዘነዘናው በራሱ እጅ ይሰጠው፤ ሰው ራሱ የሚያስነሣውንና ራሱ የሚያቆመውን ድምፅ ያን ያህል አይፈራምና። አንድ ቀን ቢደነግጥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ነገሩ ወራት ይፈጃል፤ ወደ ኋላ መመለስን እንደ ሽንፈት የሚቈጥር ወላጅም ቶሎ ይደክማል።

ከሁሉ ይልቅ የምንነቅፈው ግን ውሸትን ነው። ጅብ መጣብህ፣ ጭራቅ ይወስድሃል፣ መርፌ አስወጋሃለሁ እያሉ ልጅን ዝም ማሰኘት በአገራችን የቈየ ልማድ ነው፤ ሌላው ልጅ ሲያድግ ቀልድ መሆኑን ያውቀዋል፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ቃሉን እንደ ተነገረው ይቀበለዋልና ጅቡ ከበሩ ኋላ ለዓመታት ቆሞ ይኖራል። እንዲሁም ወደ አክስትህ ቤት ነው ብለው ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዱት ልጅ ከዚያ ወዲያ የአክስቱን ቤት ይፈራል። እውነቱን አስቀድሞ መንገር ነው የሚያሻለው፤ ያውም በአጭር ቃል፣ በዝግታ። ማንበብ ለማይችለው ልጅ የቀኑን ሥራ በሥዕል እየሣሉ፣ መታጠቡን፣ ታክሲውን፣ ሐኪሙን፣ ወደ ቤት መመለሱን በተራ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ቤተ ሰብን ረድቷል። ጋቢውን ተከናንቦ የሚያርፍበት አንድ ጸጥ ያለ ጥግም ይኑረው፤ ያ ጥግ ግን ፈጽሞ የቅጣት ቦታ አይሁን።

ስለ እናቶችም ጥቂት እንበል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ አገር ከታወቁት ሐኪሞች መካከል አንዳንዶቹ የልጁ ችግር ከእናቲቱ የፍቅር ቅዝቃዜ የመጣ ነው እያሉ ብዙ ሴቶችን አስለቅሰው ነበር። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ፣ እርሱም የእንዲህ ያለ ልጅ አባት የነበረው፣ ነገሩ ከአካል አፈጣጠር የሚመጣ እንጂ የእናት ጥፋት አለመሆኑን በመጽሐፉ ተከራክሮ አሳየ። በእኛ ዘንድ ያው ክስ እርግማን፣ ቡዳ፣ የወላጅ ኃጢአት በሚል ስም እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት የጠየቁትን ጥያቄ ጌታችን እንዴት እንደ መለሰው በየዓመቱ እያስተማርን እንኳ። በአዲስ አበባ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ነበሩ። እናቲቱ ራሷ በሰው ዓይን ፍርሃት ተይዛ በሯን ዘግታ ስትኖር ልጁን ከፍርሃት ታወጣዋለች ማለት ዘበት ነው።

ካህናት አባቶቻችንም በዚህ ነገር ታላቅ ድርሻ አላቸው። የንስሐ አባት ወደ ቤቱ ሲገባ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ምን ያስፈራዋል? ምን ያረጋጋዋል? ብሎ፤ ከመስቀሉ ማሳለም አስቀድሞም መስቀሉን ከሩቅ ያሳየው። ጌታችን ደንቆሮውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወስዶ፣ በቃል ሳይሆን በመዳሰስ ያነጋገረው ያለ ምክንያት አይደለም (ማር. 7፥33)። ጠበል የእግዚአብሔር ጸጋ የሚሰጥበት መሆኑን እናምናለን፤ ነገር ግን የሚንቀጠቀጥን ሕፃን አስሮ ከቀዝቃዛ ውኃ በታች ማቆም ከጠበሉ ሥርዓት ሳይሆን ከእኛ ትዕግሥት ማጣት የመጣ ነው። በጥቂት ውኃ እጁንና ግንባሩን ማስነካት ይቻላል፤ የሐኪምንም ምክር ተዉ ማለት አይገባም።

ሰው በሌለበት ቀን ልጁ ከእናቱ ጋራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይምጣ፤ ዲያቆኑ ከበሮውን ያሳየው፣ በገዛ እጁም ይምታው፤ ጸናጽሉን ይዳስስ፤ የዕጣኑንም ሽታ ጥቂት በጥቂት ይልመድ። በእሑድ ቅዳሴ መካከል ቢጮኽም ሰው ሁሉ ዞሮ አይመልከተው፤ አንድ ሰው እናቲቱን በቅጽሩ ካለው ዛፍ ሥር ያስቀምጣት፤ ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉበት ሰዓት ሲደርስም መጥቶ በቀስታ ይጥራቸው።