ርኅራኄ በማስረጃ ይገኛልን?

«በሕግ አምላክ!» በአገራችን ይህን ቃል የሰማ ሰው እርምጃውን ገትቶ መቆም ነበረበት። ቃሉ ሕግንና አምላክን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። ለመሆኑ ፍርድና ርኅራኄ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ጥያቄውን ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት፣ ከይፋት ቆላ እናንሣው።

ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ እንግሊዝ አገር የገባና ዜግነት ያገኘ ሰው አለ እንበል። ተመልሶ የቀወት ልጅ አገባ። ሽማግሌ ተላከ፣ ኒካህ ታሰረ፣ ጎረቤት በላና መረቀ። እሱ ወደ ሥራው ሄደ፤ እሷ ማሾና ሽንኩርት ከሚያመርተው አባቷ ቤት ቀረች። የቪዛው ማመልከቻ ግን ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ ፍቅር ማጣት አይደለም፤ የባልየው ደመወዝ ነው። የሚፈለገው የዓመት ገቢ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ ብሏልና።

ይግባኝ አለ፤ ጊዜው 28 ቀን ነው። በሩ ግን ጠባብ ነው፦ በ1950 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት በአንቀጽ 8 ስለ ቤተሰብ ኑሮ የሚለውን ይዞ፣ ክልከላው ከሚገባው በላይ ጭካኔ እንዳለበት ማስረዳት ያስፈልጋል። አሜሪካ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ዜጋ የውጭ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛው እንዲገባለት መሠረታዊ መብት የለውም ብሎ ወስኗል። የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት ነው ይላል፤ የእኛ አንቀጽ ግን የሰው አገር በር አይከፍትም።

ታዲያ ሴትዮዋ ምን ታቅርብ? ናፍቆት? የተለያየ ሁሉ ይናፍቃል፤ ናፍቆት ብቻውን አይበቃም። ሥቃይ መታየት አለበት፤ የሐኪም ወረቀት፣ የፍርሃት ማስረጃ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ ያደረችው ሌሊት በምን ወረቀት ይጻፋል? በዚያ ላይ ትዳሩ እውነት መሆኑን ለማሳየት የስልክ መልእክታቸው ይቀርባል። «እንዴት ነሽ?» ይላል እሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች እሷ፤ ሁልጊዜ። ያደገችው እንዲህ ነዋ! ከሩቅ ያለን ሰው በለቅሶ አታስጨንቅም። እንግዲህ መልእክቱ ትዳሩን ሲያስመሰክርላት ሥቃይዋን ይክድባታል። የታገሠች ተረስታ ያለቀሰች ብቻ ከተሰማች፣ ይህ ርኅራኄ ጨዋነትን የሚቀጣ ሆነ ማለት አይደለምን?

«መንግሥት ድንበሩን መጠበቅ የለበትም ወይ? የውሸት ጋብቻስ የለም ወይ?» ይባል ይሆናል። አለ፤ አንክድም። ያለቀሰውን ሁሉ አስገቡ አላልንም። ዳኛውም ክፉ ሰው ነው አላልንም። የምንለው ርኅራኄ ከተሳሳተ ቦታ ተቀመጠ ነው፤ ሕጉ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ለተንበረከከ የሚጣል ፍርፋሪ ሆነ።

እንዲህ ዓይነቱን እኛም እናውቀዋለን። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ፍርድ ቤት የረታው ሰው ዙፋን ችሎት ድረስ ሄዶ «አቤት» ይል ነበር። ያገኘ አገኘ፤ ግን ያገኘው ችሮታ ነበር። ሌላም ዓይነት እናውቃለን። የድንበር ጠብ የሚዳኙ ሽማግሎች ድንበሩ ላይ ይቆማሉ፤ ማሳውን ያያሉ፤ የማይናገረውንም ሰው «አንተስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ለማንም ማዳላት አይደለም። አጥርቶ ማየት ነው፤ እኛም ርኅራኄ የምንለው ይህንኑ ነው። «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል በይፋት ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው ጨካኝ ከመሆኑ በፊት ያላወቀ ነው፤ ያላወቀ ደግሞ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

ነገ ከመካከላችን ወንበር ላይ የሚቀመጥ አይጠፋም፤ ወረዳ ይሁን ኤምባሲ፣ ፍርድ ቤት ይሁን የትምህርት ክፍል። ፊታችን ሁለት ማመልከቻ ይቀርባል፤ አንዱ እንባ የሞላው፣ ሌላው «ደህና ነኝ» የሚል። ሁለተኛውንስ እንዴት እናነበው ይሆን?