ያለፈ በደልና የዛሬ ሰው

የተሰወረ ወንጀለኛ የሚታደንበትን ልብ ወለድ ብዙዎች እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ይቆጥሩታል። እኛም በዘርዐ ክህነት ሳለን የምናነበው ተሸሽገን ነበር። ዳሩ ግን የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ትናንት የተሠራ ሥራ በዛሬው ሰው ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው?

እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ በ1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው «አምስት ትናንሽ አሳሞች» ከ16 ዓመት በፊት የተፈጸመ ግድያ እንደገና ይመረመራል። ምርመራውን የምትጠይቀው፣ እናቷ አባቷን በመርዝ ገድላለች ተብላ ተፈርዶባት በእሥር ቤት የሞተችባት ልጅ ናት። ልታገባ ነው፤ እጮኛዋ በጥርጣሬ ዓይን እንዳያያት ትሰጋለች።

የዚህች ልጅ ሥጋት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ አይደለም። ደመኛ ያለበት ሰው ገበያ ሲወጣ መንገድ ይቀይራል። የአባቱን ገዳይ በዓይኑ ያላየው ሕፃን አድጎ መሣሪያ ሲይዝ፣ «የአባትህ ደም» የሚለው አያጣም። ይባስ ብሎ ደም መላሹ ሁልጊዜ ገዳዩን አይሻም፤ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ቢያገኝ ይበቃዋል።

አባቶቻችን ለተሰወረ በደል አውጫጭኝ ነበራቸው። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፤ በግልጽ መናገር የፈራም በምሥጢር ይጠቁማል፤ ጠቋሚውም «ወፍ» ይባላል። ጥፋተኛው ካልታወቀ ጉዳቱን አገሬው ተካፍሎ ይከፍላል። ነገሩን ልብ እንበል፤ እውነቱ ሲጠፋ በደሉ በሁሉም ጫንቃ ላይ ይወድቃል። መርማሪው ሥራውን የሚሠራው ይህን ሸክም ከንጹሓን ላይ ለማንሣት ነው። ደም መላሹ ግን ገዳዩን እያወቀ በደሉን መልሶ በዘመድ ሁሉ ላይ ይበትነዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 የተቃወመው ይህንኑ፣ ልጅ የአባቱን ኃጢአት ይሸከማል የሚለውን አባባል ነው።

ቼስተርተን ከ1911 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመጽሐፍ ባወጣቸው ታሪኮች መርማሪውን ካህን አድርጎታል። አባ ብራውን ሌባውን ፍላምቦን ደርሶበት ሳለ አሳልፎ አልሰጠውም፤ ፍላምቦም ውሎ አድሮ ወዳጁና ራሱም መርማሪ ሆነ። (ደራሲው ካቶሊክ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በ1922 ነው።) ትናንት አልተፋቀም፤ ሰውየውን ግን እስከ መጨረሻው አልገዛውም።

ይሁንና ልብ ወለዱ ሥራ ያቀልላል እንላለን። ስሙ ሲታወቅ መጽሐፉ ይዘጋል። በገጠራችን ግን የሽማግሌው ድካም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ አንዳንዴም ዕርቁ በጋብቻ ይታሰራል።

የክሪስቲ ልጅ በመጨረሻ እናቷ ንጹሕ እንደነበረች ታውቃለች። ጥፋተኛ ሆና ብትገኝስ ኖሮ፣ ልጅቷን ማን ያገባት ነበር? ደራሲዋ ይህን አትነግረንም።