ልጁ የት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ እየተጨነቁ ፈልገው በ3ኛው ቀን በቤተ መቅደስ እንዳገኙት ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል። እነርሱ በሦስት ቀን ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ ልጁ ተደብቆበት ወር የሚቆጥር ወላጅ እንዴት ይሆን?

ባልና ሚስት ተፋትተው ልጃቸውን በጋራ ሊያሳድጉ ከተስማሙ በኋላ፣ አንዱ ሳያስታውቅ ልጁን ይዞ ከሶር ዳር ከመቱ ሲሄድ፣ ሌላው ልጁን ሊቀበል መጥቶ የተዘጋ በር ይቆየዋል። በጎሬና በበደሌ ዘመድ ሲጠይቅ ይሰነብታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ልጁ በማያውቀው ከተማ ሆኖ «ረስተውኛል» ብሎ ማመኑ ነው።

ወሳጁ «ልጄ ነው» ይላል። ልጅ ግን የእግዚአብሔር አደራ እንጂ ከንብረት ጋር የሚከፈል ዕቃ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36፣ ወላጆቹን ማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ ማግኘት የልጁ የራሱ መብት መሆኑን ደንግጓል።

ዮሴፍም ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብፅ ሸሽቷል የሚል ቢኖር፣ ዮሴፍ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሸ እንጂ ሕፃኑን ከእናቱ አልለየም። ስለዚህ ዱላና ሞት የሚያሰጋው ይሽሽ፤ ነገሩንም ፈጥኖ ለዳኛ ያስታውቅ። በቂም የወሰደ ግን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ።

እኛም የንስሐ አባቶች ጾምና ስግደት ከማዘዛችን በፊት «ልጁ የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ልጁ ያለበትን ዛሬውኑ ያስታውቅ፤ ቀኖናው ከዚያ ይጀምራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።