ማሽላና አቀንጭራ

ክረምቱ ሲገፋ ከሳንጃ እስከ መተማ ባለው ቆላ የማሽላ ማሳ ውስጥ ሐምራዊ አበባ ያየ እንግዳ «ያምራል» ማለቱ አይቀርም። ባለማሳው ግን ፊቱን ያጠቁራል። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ነው። ዝናቡ ሳይጎድል የማሽላው ቅጠል እንደተጠማ ይጠወልጋል፤ አገዳው ይጫጫል፤ ራሱም ፍሬ አይሞላም። አንዱን ማሽላ ከነሥሩ ነቅለው አፈሩን ቢያራግፉት፣ ፀሐይ ያላየ ነጭ ቡቃያ ሥሩ ላይ አብጦ እንደተጣበቀ ይታያል። አበባው ብቅ ሲል አብዛኛው ጉዳት ከአፈር በታች ደርሷል። የዚያን ጊዜ ማረም የሚጠቅመው ለከርሞ ነው። አንዷ ተክል ብቻ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር በአስር ሺዎች ታረግፋለችና።

ያ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። እርጥበት ያዘጋጀዋል እንጂ ብቻውን አያበቅለውም። የሚቀሰቅሰው የማሽላው ሥር ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ አፈሩ ይለቃል፤ የሚጣራው ፎስፈረስ ፈልጎ የሚያመጣለትን ፈንገስ ነው። ጥሪውን አቀንጭራም ይሰማል። ማሽላው ርቦት ረዳት በመጣራቱ መጠቃቱን ባሰብኩ ቁጥር ይከነክነኛል።

ሁሉም ማሽላ ግን አጠራሩ አንድ አይደለም። በወሎንኮሚ ተወልደው፣ ሱዳን ውስጥ ማሽላ አዳቅለው፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የተከታተሉት ይህንኑ ልዩነት ነው። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለገበሬያችን የደረሱት ከዚያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤልጂኤስ1 የተባለው ዘረመል የጎደለው ማሽላ መጣራቱን አይተውም፤ የሚለቀው በአብዛኛው ኦሮባንኮል የተባለው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይሆናል። ይህ ፈንገሱን ይጠራል፤ አቀንጭራን ግን እምብዛም አይቀሰቅስም። መቋቋም ሲባል ትግል ይታየናል፤ እዚህ ግን ጠላት የተባለው በአብዛኛው አልነቃም።

የቆላው ሰሊጥ ዘዴው ሌላ ነው። የአቀንጭራን ዘር ይቀሰቅሳል፤ ግን አያስጠጋውም። የነቃው ዘር የሚጣበቅበት አጥቶ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሰሊጥና ማሽላ የሚፈራረቁበት ማሳ፣ ባለቤቱ የገበያ ዋጋ አይቶ ያፈራረቃቸው እንኳ ቢሆን፣ ከአፈሩ የአቀንጭራ ዘር በየጊዜው ይቀንሳል።

አጥኚዎች የአቀንጭራን መነሻ በሰሜን ተራሮችና በሱዳን የኑቢያ ኮረብታዎች መካከል ይገምቱታል። የሳንጃና የመተማ ቆላ እዚያው መሐል ነው። ማሽላውና ጥገኛው አብረው አርጅተዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የአገሬው ዘር በምርምር ዘር ተተክቶ ከማለቁ በፊት ሥሩን መፈተሽ ይገባል ባይ ነኝ። ጎቢዬና አብሽር ቶሎ ይደርሳሉ፤ ቁመታቸው ግን አጭር ነው። ገበሬ ማሽላ የሚዘራው ለእህሉ ብቻ አይደለም፤ አገዳው ለከብቱ፣ ለአጥሩና ለማገዶውም ያስፈልገዋል።