ወዳጁን የቀበረ ሰው ሊሮጥ ይገባዋልን?

ሰው ወዳጁ በሞተበት ጊዜ ሁለት ዕዳ ይወድቅበታል፤ አንደኛው የእንባ፥ ሁለተኛው የመታሰቢያ ዕዳ ነው። የእንባውን ዕዳ ዐይን ሳይጠየቅ ይከፍለዋል። የመታሰቢያው ዕዳ ግን በምን እንደሚከፈል ብዙዎች ይጠራጠራሉ፤ ከዚህም የተነሣ ሐዘንተኛውን ያለ አግባብ የሚወቅሱት አሉ። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣንም እንዲህ ያለ አንድ ወቀሳ ነው።

ኦጎልቾ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲወርዱ በቆላው ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአርሲ ምድር እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፥ እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ካስገኘ ወዲህ በዚህ አገር በማለዳ ተነሥቶ የሚሮጥ ወጣት ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ዘወትር አብሮት ይሮጥ የነበረ ባልንጀራው ታሞ ሞተበት። ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ አርባው ሳይወጣ ወደ ልምምዱ ቢመለስ የሟቹ እናት በመንገድ አይታው፥ «እግርህ እንዴት ተነሣልህ? ልጄን እንዲህ ቶሎ ረሳኸውን?» አለችው። ልጁም ጫማውን ጥሎ ወደ እኛ መጣና፥ «አባታችን፥ አርባው ሳይወጣ መሮጥ ኃጢአት ነውን?» ብሎ ጠየቀን።

ፈጥነን አልመለስንለትም፤ በእናቲቱ ቃል ውስጥ እውነት ነበረና። ሐዘን የነፍስ ብቻ አይደለም፤ ሥጋም ከነፍስ ጋር ያዝናል። ጠጕርን አለማበጠር፥ ጥቁር መልበስ፥ ከመሬት ላይ መቀመጥ፥ ይህ ሁሉ አባቶቻችን ለሥጋ የሰጡት የሐዘን ቋንቋ ነው። ጌታችንም ሊያስነሣው እያወቀ በወዳጁ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል። እንግዲህ ሐዘንተኛውን «ዝም በል፥ አታልቅስ» የሚል ሰው ከክርስቶስ ይልቅ ጠንካራ ልሁን ማለቱ ነው።

ነገር ግን የተቀመጠ ሁሉ ያስታውሳልን? የተነሣስ ሁሉ ረስቷልን? ይህን ለመረዳት ዓለም ሁሉ ያየውን አንድ ነገር እናንሣ።

ዓለም የምትባል ወጣት በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሸርብሩክ ከተማ በተደረገው የዓለም ታዳጊዎች ውድድር በ1500 ሜትር ያሸነፈች ሯጭ ነበረች። ለበቆጂው ልጅ ለቀነኒሳ በቀለም ታጭታ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፥ ለልደት በዓል ሦስት ቀን ሲቀር፥ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከእጮኛዋ ጋር በማለዳ ስትሮጥ በድንገት ወደቀች፤ በዚያውም ዕለት ዐረፈች። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ቀነኒሳ በዚያው ዓመት በጥር ወር በአሜሪካ አገር በቦስተን ሮጦ ተሸነፈ። መጋቢት 10 እና 11 ቀን ግን በፈረንሳይ አገር በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አጭሩንም ረጅሙንም ሩጫ አሸነፈ። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ብናሰላው እጮኛው ካረፈች ገና ሰማንያ ቀን አልሞላም ነበር። በነሐሴም በብራስልስ ከተማ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ በ26 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ከ53 መቶኛ ሴኮንድ ፈጽሞ፥ ራሱ ይዞት የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንደኛው፥ «ቢወዳት ኖሮ እንዴት መሮጥ ቻለ?» የሚል ነው። ለዚህ ሰው የምንመልሰው፥ በጥር የተሸነፈውና በመጋቢት ያሸነፈው ያው አንድ ሰው እንደ ሆነ ነው። ማሸነፉ የመርሳት ምልክት ከሆነ መሸነፉ የፍቅር ምልክት ሊሆን ነውን? በእግር ፍጥነት ልብን መስፈር አይቻልም፤ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሁለተኛው፥ «ሐዘኑ ኃይል ሆነው፤ ለዚህ ክብር ስትል ሞተች» የሚል ነው። ይህ ማጽናኛ መስሎ ከፊተኛው ይከፋል። እግዚአብሔር ለአንዱ ሜዳልያ ለመስጠት የሌላዋን ሕይወት የሚያስከፍል ነጋዴ አይደለም። የአንዲት ሴት ልጅ ሕይወት የማንም ድል ዋጋ ሊሆን አይችልም።

«ሩጫዋ በመንገድ ቀረ» የሚሉም አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መስሎ አስተምሯል፤ ይሁን እንጂ ለሁሉ አንድ ርቀት ተሰጥቷል አላለም። የ1500 ሜትር ሯጭ ከ10,000 ሜትር ሯጭ አስቀድማ ትፈጽማለች፤ ስለዚህም ሩጫዋ ጎደለ አይባልም። ርቀቱን የሚለካ ሯጩ ሳይሆን ሩጫውን ያዘጋጀው ነው። ይህን ስንል የእናት እንባ ይደርቃል ማለታችን አይደለም፤ ያለ ተስፋ እንዳይፈስ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ወንድሙን በሐምሌ የቀበረ ገበሬ አርባው እስኪወጣ ድረስ ሞፈሩን ሰቅሎ አይቀመጥም፤ ዝናሙ ተዝካር አይጠብቅለትምና። ስለዚህም የሚወቅሰው የለም። የሯጭም ሥራው ሩጫ ነው፤ ወደ ሥራው መመለሱ ኃጢአት አይሆንበትም። ነገር ግን ሥራ ብቻውን መታሰቢያ አይባልም፤ ብዙ ሰው ሐዘኑን ለመሸሽ ይሠራልና። እንግዲህ መታሰቢያ ምንድር ነው?

ነቢዩ ዳዊት ወዳጁ ዮናታን በጌላቡዓ ተራራ በወደቀ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፥ አለቀሰ፥ የልቅሶም ቅኔ ተቀኘ። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ሥራውን ሠራ፥ ነገሠም። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ስለ ዮናታን ብሎ ቸርነት የሚያደርግለት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሜምፊቦስቴ የሚባል የዮናታን ልጅ ተገኘ፤ እርሱም በሕፃንነቱ ከሞግዚቱ እጅ ወድቆ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ነበሩ። ዳዊት ይህን መራመድ የማይችለውን ልጅ ከንጉሥ ማዕድ ሁልጊዜ እንዲበላ አደረገው። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ዳዊት ለዮናታን የከፈለው የእንባ ዕዳ በልቅሶው ቀን ተከፍሏል፤ የመታሰቢያው ዕዳ ግን በየቀኑ በማዕድ ላይ ይከፈል ነበር። ወዳጅን ማስታወስ ማለት ወዳጅ ትቶት የሄደውን ሸክም መሸከም ነው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልነው፤ «ልጃችን፥ መሮጥህ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆንብህ በባልንጀራህ ቤት ደጃፍ ሮጠህ ካለፍህ ነው። ሩጥ፤ ስትመለስ ግን ከእናቱ ደጅ ቁም። እርሱ ይቀዳላት የነበረውን ውኃ ቅዳላት፥ ይፈልጥላት የነበረውን እንጨት ፍለጥላት። በጸሎት ጊዜም ስሙን ጥራ።» እርሱም ጫማውን አንሥቶ ሄደ።

በመጀመሪያው ቀን እናቲቱ በሩን አልከፈተችለትም። በሁለተኛውም ቀን አልከፈተችም፤ እርሱ ግን እንስራውን ከደጅ አንሥቶ ውኃውን ቀድቶ መለሰው። በሰማንያው ቀን ለተዝካሩ በቤቷ ተሰብስበን ሳለን ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ከተባረከ በኋላ ቆርሳ ከዘመዶቿ ሁሉ አስቀድማ ለእርሱ ሰጠችውና፥ «ብላ፥ ነገ ትሮጣለህ» አለችው።

በሥራው ላይ የወደቀችውን ወጣትና በየሀገሩ በልጅነታቸው የተቀጠፉትን ሁሉ እግዚአብሔር በቸርነቱ ያስባቸው፤ እኛንም የሙታንን ስም በአፋችን፥ ሸክማቸውን በትከሻችን የምንይዝ ያድርገን። አሜን።