ለሽልማት የሚሠራ ማሽን

ለድሃ አገር ርካሽ የሕክምና መሣሪያ እንሠራለን የምትሉ መሐንዲሶች፣ ገንዘቡን የምታፈሱላቸውም፣ ስሙ። ለታማሚው ሠራን ትላላችሁ፤ የሠራችሁት ግን ለሸላሚው ነው።

«ኒዮኔርቸር» የተባለውን የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ታውቁታላችሁ። ከመኪና ዕቃ የተገጣጠመ ነበር፤ ሙቀቱ ከፊት መብራት፣ መጠባበቂያ ኃይሉ ከሞተር ሳይክል ባትሪ። መኪና የሚጠግን መካኒክ ይህንንም ይጠግናል ተባለ፤ ሲያወሩት ያምራል። ታይም መጽሔት በ2010 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ 50 ምርጥ ፈጠራዎች ተርታ አሰለፈው። ወደ ምርት ግን አልገባም። ሠሪዎቹ ስህተታቸውን በአደባባይ አምነዋል፤ እናንተ ግን ያንኑ ትደግማላችሁ። ሳታውቁ ቢሆን ይቅር በተባለ ነበር!

ዳካ ላይ ዶክተር ሞሐመድ ጆባየር ቺሽቲ የተጠቀሙት ባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ነው። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን የሚያስወጣው አየር በቱቦ ወርዶ ጠርሙሱ ውስጥ ባለው ውሃ በኩል ይወጣል። ቱቦው 5 ሳንቲሜትር ከጠለቀ ግፊቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ ያ ግፊት የሳንባውን የአየር ከረጢቶች እንዳይዘጉ ደግፎ ይይዛቸዋል። ነርሷ ጠርሙሱን ታያለች፤ አረፋው ከቆመ አንድ ቦታ አየር ሾልኳል ማለት ነው። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ፤ እኛም አገር በጠቅላላ ሆስፒታሎች ተሞከረ። ይህን ማን «ፈጠራ» ብሎ መድረክ ላይ ያወጣላችኋል? አይበራ፣ አይጮኽ!

ጠርሙሱም ቢሆን ብቻውን አያድንም። ማላዊ ውስጥ ሐኪም በየቀኑ በማይገኝበት የወረዳ ሆስፒታል በአረፋ ግፊት የመስጠቱ ዘዴ ሲሞከር፣ ከተራው ኦክስጅን የበለጠ ሞት ታየበት። እናንተ የብሎኑን ዋጋ እስከ ሳንቲም ታሰላላችሁ፤ ሌሊቱን አልጋው አጠገብ የምትቆመው ነርስ ግን በሒሳባችሁ የለችም።

የሆስፒታል ኃላፊዎችም አትሳቁ። የኦክስጅን ማምረቻው ማሽን ሲመጣ ሪባን ቆርጣችሁ ፎቶ ተነሣችሁ። ከጀርባው ያለውን የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና አጥቦ የሚያደርቅ ሰው ግን አልመደባችሁም። አቧራ አንቆት ሲሞት «ተበላሸ» ብላችሁ መጋዘን ወረወራችሁት፤ ለሌላ ዕርዳታም ደብዳቤ ጻፋችሁ።

ቀጣዩን የፕሮጀክት ማመልከቻ ስትጽፉ ፊውዙ ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚቀይረው፣ ደመወዙንም ማን እንደሚከፍል አስፍሩበት። መልስ ከሌላችሁ ገንዘቡን አትጠይቁ።